በሰው መሬት ላይ የሚሠራ ቤት
ፕሮግራም አዘጋጆች ስለ መድረክ፣ ስለ ብራውዘርና ስለ አገልግሎት ዋጋ ያደረጉት ክርክር አጭር ታሪክ

መግቢያ

ሁለት ሦስት ፕሮግራም አዘጋጆች አንድ ገበታ ላይ የተቀመጡ እንደሆነ ጭውውታቸው ብዙ ጊዜ ከሦስት ጉዳዮች አይርቅም። በየትኛው መድረክ ላይ መሥራት እንደሚሻል፣ የትኛው ብራውዘር ሥራቸውን እንዳበላሸባቸው፣ የትኛው አገልግሎት ዋጋ እንደጨመረባቸው ይነጋገራሉ። በአጠገባቸው ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ የዕለት ምሬት ብቻ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን ክርክሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ዛሬ የሚነሡት ቅሬታዎች አብዛኞቹ ቀድሞም በሌላ ስም ተነሥተው የነበሩ ናቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክርክሩን ሥር ተከትሎ በመሄድ ለሙያ ባልደረቦች የሚጠቅም ትምህርት መፈለግ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጠ በቀር፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ «መድረክ» ለሚለው ቃል ፍቺ መስጠት ተገቢ ይሆናል። መድረክ ስንል አንድ ፕሮግራም ያለ እርሱ ሊሠራ የማይችለውን፣ ነገር ግን ሌላ ወገን የሠራውንና የሚያስተዳድረውን መደላድል ማለታችን ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም መድረክ ነው፤ ብራውዘር መድረክ ነው፤ የስልክ ፕሮግራሞች የሚሸጡበት መደብርም፣ በኪራይ የሚገኝ ሰርቨርም እንዲሁ።

በአገራችን ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት በብዙ አውራጃዎች አራሹ በባለርስት መሬት ላይ ያርስ እንደነበረና ከምርቱም እንደየስምምነቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይከፍል እንደነበረ ይታወቃል። የጭሰኛው ችግር የድርሻው መጠን ብቻ አልነበረም። ባለመሬቱ ባሻው ጊዜ ሊያስነሣው መቻሉ፣ ጎጆውን አሳምሮ ማሳውን አልምቶ እያለ ነገ የት እንደሚያድር አለማወቁ ይበልጥ ያሳስበው ነበር። የፕሮግራም አዘጋጅ ኑሮ ከጭሰኛ ኑሮ ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያለው ንጽጽር መከራን ማቃለል ይሆናል። የሆነ ሆኖ ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ይኸውም «ስንት እከፍላለሁ?» እና «ብነሣ ምን ይዤ እወጣለሁ?» የሚሉት፣ ከዚህ በታች በምንመለከተው ታሪክ ውስጥ ሁሉ ይገኛሉ።

ሶፍትዌር ምርቃት የነበረበት ዘመን

ኮምፒዩተር ለገበያ በቀረበባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ሶፍትዌር ራሱን የቻለ ዋጋ አልነበረውም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መሣሪያውን ሲያከራይ ፕሮግራሙን፣ የሠራተኛ ሥልጠናውንና የባለሙያ ምክሩን በአንድነት ጠቅልሎ ይሰጥ ነበር። ደንበኛው የሚከፍለው ለመሣሪያው ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ነጋዴ በሰፈረው እህል ላይ እንደሚጨምረው ምርቃት ይቆጠር ነበር። ፕሮግራም አዘጋጆቹም የጻፉትን እርስ በርሳቸው ይለዋወጡ ነበር። በ1955 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የአይ.ቢ.ኤም. 704 ኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች «ሼር» የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት ለዚሁ ዓላማ ነበር። ከእነዚህ መካከል በገበያ የሚፎካከሩ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሠራተኞች ይገኙ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ያንኑ ፕሮግራም በየፊናው ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ መተባበሩን መረጡ።

ይህ ሥርዓት ለተጠቃሚው የተመቸ ቢሆንም ሶፍትዌርን ብቻ ሸጦ ለመኖር ለሚፈልግ ሰው በሩን የዘጋ ነበር። አፕላይድ ዳታ ሪሰርች የተባለ አነስተኛ ኩባንያ «ኦቶፍሎው» የተሰኘውንና የፕሮግራምን አካሄድ በሥዕላዊ ሠንጠረዥ የሚያወጣውን ምርት ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ አይ.ቢ.ኤም. ተቀራራቢ ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይሰጥ ስለነበር ገዥ ማግኘት አዳጋች ሆነበት። የኩባንያው ባልደረባ ማርቲን ጌትዝ በ1968 ለሶፍትዌር የተሰጠውን የመጀመሪያ የፈጠራ መብት በአሜሪካ ያገኘ ሰው ነው። ኩባንያው በ1969 አይ.ቢ.ኤም.ን ከሰሰ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የአሜሪካ መንግሥት የፍትሕ መሥሪያ ቤት በአይ.ቢ.ኤም. ላይ የሞኖፖል ክስ መሥርቶ ነበር። ጁን 23 ቀን 1969 አይ.ቢ.ኤም. ለሶፍትዌርና ለልዩ ልዩ አገልግሎቶች ለየብቻ ዋጋ እንደሚያወጣ አስታወቀ። የመንግሥቱ ክስ እስከ 1982 ተጓትቶ በመጨረሻ ቢነሣም፣ ውሳኔው የሶፍትዌርን ንግድ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ እንዲሆን በር ከፈተ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ነጻ የነበረው ሶፍትዌር በእርግጥ ነጻ አልነበረም፤ ዋጋው በመሣሪያው ኪራይ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ፕሮግራም አዘጋጆችም ያን ጊዜ በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንዱ ወገን መለዋወጥ ቀረብን ብሎ አዘነ፤ ሌላው የእጄ ሥራ ዋጋ አገኘ ብሎ ተደሰተ። ከዚያ ወዲህ ይህ መከፈል ከሙያው አልተለየም።

ሁለቱ መግለጫዎች

የሁለቱን ወገኖች አቋም በግልጽ ያስቀመጡ ሁለት ጽሑፎች አሉ። የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1976 ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር አፍቃሪዎች የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ነው። ጌትስና ጓደኞቹ አልቴር ለተባለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ቤዚክ የተሰኘውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጅተው ነበር። ብዙ ሰዎች እንደሚጠቀሙበት ቢሰሙም፣ ከአልቴር ባለቤቶች መካከል ገዝተው የሚጠቀሙበት ከመቶ አሥር እንኳ እንደማይሞሉ፣ ለሥራው የተጠቀሙበት የኮምፒዩተር ሰዓት ዋጋ ከ40,000 ዶላር በላይ እንደሆነ፣ ያገኙት ገቢ ግን ለደከሙበት ጊዜ ሲካፈል በሰዓት 2 ዶላር እንደማይሞላ አመለከተ። ፍሬ ነገሩ፣ ባለሙያ ካልተከፈለው ጥሩ ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚል ነበር።

ሁለተኛው ሪቻርድ ስቶልማን በሴፕቴምበር 1983 የግኑን ሥራ ለመጀመር ያወጣው ማስታወቂያ ነው። ስቶልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ የሚወደው ፕሮግራም ምንጭ ኮዱ ተዘግቶበት ማረምም ሆነ ለጎረቤቱ ማካፈል የማይፈቀድለት መሆኑን እንደ በደል ቆጠረው። መፍትሔውም ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሥራት ነበር። የዚህን ሥርዓት ሕግ የሚያስቀምጠው የግኑ ጠቅላላ ፈቃድ በ1989 ወጣ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረውን ሊኑክስ በ1992 በዚሁ ፈቃድ ሥር በማድረጉ ሁለቱ ሥራዎች ተገጣጠሙ።

ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለት አቋሞች የማይታረቁ ተቃራኒዎች ተደርገው ይቀርባሉ። በረጋ መንፈስ ለተመለከታቸው ግን የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። ጌትስ የጠየቀው ስለ ክፍያ ነው፤ ስቶልማን የጠየቀው ስለ መብት ነው። ስቶልማን ፕሮግራምን መሸጥን አልከለከለም፤ የከለከለው ገዥውን ማሰርን ነው። በመግቢያው ላይ ወደጠቀስናቸው ሁለት ጥያቄዎች ስንመልሳቸው፣ አንደኛው ስለ ድርሻው መጠን፣ ሁለተኛው ስለ መነሣት የሚመለከቱ ሆነው እናገኛቸዋለን።

የብራውዘሮች ፍልሚያ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢንተርኔት ላይ መረጃ ለማግኘት ሁለት መንገዶች ይፎካከሩ ነበር። አንዱ በ1991 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጎፈር ነው። ሌላው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል የፈጠረው ድር ነው። በ1993 መጀመሪያ ወራት ጎፈር በስፋት ይታወቅ የነበረ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ከአንዳንድ የሰርቨሩ ተጠቃሚዎች የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ሰርን በተቃራኒው ኤፕሪል 30 ቀን 1993 የድርን ሶፍትዌር ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀ። ለጎፈር መዳከም ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሩም፣ ፕሮግራም አዘጋጆቹ ነገ ምን እንደሚጠየቁ ከማያውቁበት ቦታ ነገ እንደማይጠየቁ ወደተረጋገጠላቸው ቦታ መሄዳቸው ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሚኒሶታ ክፍያ ከባድ መሆኑ እንኳ ገና አልታወቀም ነበር፤ ሥጋቱ ብቻ በቃ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1993 የወጣውን ሞዛይክን የሠሩት ማርክ አንድሪሰንና ጓደኞቹ ኔትስኬፕ የተባለውን ኩባንያ መሥርተው በዲሴምበር 1994 ብራውዘራቸውን አወጡ። ኦገስት 9 ቀን 1995 የኩባንያው አክሲዮን በ28 ዶላር ለሕዝብ ቀርቦ በዚያው ዕለት 58 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ተዘጋ። በሜይ 1995 ብሬንዳን አይክ በዐሥር ቀናት የሠራው ጃቫስክሪፕት ገጾችን ወደ ፕሮግራምነት ለወጣቸው። ብራውዘሩ ካለ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የቱም ቢሆን ግድ የለም የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ጊዜ ተስፋፋ፤ ማይክሮሶፍትን ያስደነገጠውም ይኸው ነበር። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን በ1995 አውጥቶ ያለ ዋጋ ከዊንዶውስ ጋር አያያዘው። ምርቃት የተባለው የቀድሞው ዘዴ እንደገና ተመለሰ ማለት ነው። ኔትስኬፕ በጃንዋሪ 1998 ብራውዘሩን በነጻ ለመስጠት ተገደደ፤ በማርች መጨረሻ ምንጭ ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ለኤ.ኦ.ኤል. ኩባንያ መሸጡ ተነገረ።

የአሜሪካ መንግሥት በሜይ 1998 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ። ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በጁን 2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል ወሰኑ። በጁን 2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመከፈሉን ውሳኔ ሻረ፤ ነገር ግን ኩባንያው ሞኖፖሉን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል የሚለውን አጸናው። በኖቬምበር 2001 ጉዳዩ በስምምነት እንዲያልቅ ተደረገ። ፍርዱ ወጣም አልወጣ፣ የገበያው ፍልሚያ አስቀድሞ አልቆ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 በኦገስት 2001 ከወጣ በኋላ ተከታዩ እትም እስከ ኦክቶበር 2006 ድረስ አልወጣም። ተፎካካሪ የሌለው ገበሬ ማሳውን ጾም ያሳድራል። በዚያ ዘመን የሠራ ፕሮግራም አዘጋጅ ሁሉ የሥራ ጊዜው አያሌ ሰዓት ለአንድ ብራውዘር ጉድለት መጠገኛ ኮድ በመጻፍ ያልፍ እንደነበረ ይመሰክራል።

የዚህን ጣጣ ክብደት በግልጽ ያሳየችው አገር ደቡብ ኮሪያ ናት። አገሪቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለባንክና ለመንግሥት አገልግሎት የራሷን የምሥጢር መጠበቂያ ዘዴ ስትሠራ፣ ብራውዘሮቹ ስላልያዙት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ብቻ በሚሠራው አክቲቭኤክስ አማካይነት ገጠመችው። ያን ጊዜ ውሳኔው ጊዜውን የቀደመና ምክንያታዊ ነበር። ዓለም ወደ ሌሎች ብራውዘሮች ሲያልፍ ግን ዜጎቿ ገንዘብ ለማዛወር ብቻ አሮጌውን ብራውዘር ለብዙ ዓመታት ማቆየት ግድ ሆነባቸው። የጥበብ ሥራ ጥሩ ሆኖ ሳለ የቆመበት መሬት የአንድ ሰው በመሆኑ ብቻ አገር ሙሉ እግሩ ታሰረ።

ሁኔታው የተለወጠው ከኔትስኬፕ ፍርስራሽ በተነሣው በፋየርፎክስ ነው። ኖቬምበር 9 ቀን 2004 የመጀመሪያው ሙሉ እትም ሲወጣ ያስተዋወቁት በአብዛኛው ፕሮግራም አዘጋጆች ራሳቸው ናቸው፤ ለዘመድ ለወዳጃቸው ኮምፒዩተር እየጫኑ አስፋፉት። አፕል በ2003 ሳፋሪን፣ ጉግል በሴፕቴምበር 2008 ክሮምን አወጡ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ክብ ዞሮ ወደ ቀድሞው ቦታ የተቃረበ ይመስላል። ኦፔራ በ2013፣ የማይክሮሶፍት ኤጅ በጃንዋሪ 2020 የራሳቸውን ሞተር ትተው ክሮም የቆመበትን ተቀብለዋል። ስለሆነም በሰፊው የሚሠራባቸው የብራውዘር ሞተሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም የሦስተኛው፣ የፋየርፎክስ፣ ባለቤት የሆነው ሞዚላ ገቢውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከጉግል የፍለጋ ውል ነው። በኦገስት 2024 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉግል በፍለጋ ገበያ ላይ ያለውን ሞኖፖል በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል ሲል ፈረደ፤ በሴፕቴምበር 2025 ግን ክሮምን እንዲሸጥ የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም።

አንድ ልዩነት መጥቀስ ፍትሐዊ ነው። የዛሬው ዋነኛ ሞተር ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፤ የድር ሕግጋትም በጽሑፍ ተደንግገው በብዙ ወገን ይመከርባቸዋል። በመሆኑም አንዳንድ ባልደረቦች አንድ ሞተር ብቻ ቢኖር ድካማችን ይቀንሳል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ኮዱን ማንበብና አቅጣጫውን መወሰን ሁለት ነገር ነው ብለው ይመልሳሉ። የ2001ን ትምህርት ላስታወሰ ሰው የሁለተኛው ወገን ክርክር ይከብዳል።

ሲሶ ክፍያ

አይፎን በ2007 በወጣ ጊዜ አፕል ለፕሮግራም አዘጋጆች የሰጠው ምክር በብራውዘር የሚሠራ ፕሮግራም ጻፉ የሚል ነበር። ባለሙያዎቹ አልረኩም፤ በስልኩ ላይ በቀጥታ የሚሠራ ፕሮግራም ለመጻፍ እንዲፈቀድላቸው ወተወቱ። ጁላይ 10 ቀን 2008 የአፕል የፕሮግራም መደብር በ500 ያህል ፕሮግራሞች ተከፈተ። ደንቡም ከሽያጩ ከመቶ 70 ለአዘጋጁ፣ ከመቶ 30 ለአፕል የሚል ነበር። በአገራችን አነጋገር ሲሶ ይቀርባል።

የዛሬ ቅሬታ የትናንቱን ደስታ እንዳያስረሳን ይገባል። በ2008 ይህ ድርሻ በጸጋ የተቀበሉት ነበር። ከዚያ በፊት ሶፍትዌርን በሣጥን አሽጎ በሱቅ ማሸጥ ለአከፋፋዩና ለባለሱቁ ከዚህ የበለጠ ያስከፍል ነበር፤ አንድ ወጣት ከመኝታ ቤቱ ሆኖ ለዓለም ገበያ ማቅረብ የቻለው በመደብሩ ምክንያት ነው። ቅሬታው የመጣው ሁለት ነገሮች ሲገለጡ ነው። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ አንዴ ከተሸጠ በኋላ በውስጡ ከሚደረገው የዲጂታል ሽያጭ ሁሉ ያው ድርሻ ይጠየቅ ነበር። ሁለተኛ፣ በአይፎን ላይ ሌላ የመሸጫ በር አልነበረም፤ መደብሩ አልቀበልም ያለው ሥራ መሄጃ አልነበረውም። ብራውዘሮች እንኳ በአይፎን ላይ ሁሉም በአፕል ሞተር እንዲሠሩ ግዴታ ነበረባቸው።

በኦገስት 2020 ኤፒክ የተባለው የጨዋታ ሠሪ ኩባንያ አፕልን ከሰሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ አፕል በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያስገቡ አዘጋጆች ድርሻውን ከ2021 ጀምሮ ወደ ከመቶ 15 ዝቅ አደረገ፤ ጉግልም በዚያው ዓመት ለመጀመሪያው አንድ ሚሊዮን ዶላር ተመሳሳይ ቅናሽ ሰጠ። ደቡብ ኮሪያ በ2021 ባለመደብሮች የራሳቸውን የክፍያ መንገድ በግዴታ እንዳያደርጉ በሕግ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከማርች 2024 ጀምሮ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ላይ ሲጸና፣ አፕል በኅብረቱ አገሮች ሌሎች መደብሮችንና የሌሎች ብራውዘር ሞተሮችን ለመፍቀድ ተገደደ። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ሊነካ የማይችል ይመስል የነበረው ድርሻ ሌላ በር የመከፈት ተስፋ ሲታይ ወዲያው መቀነሱ፣ ዋጋው የአገልግሎቱ ወጪ ብቻ ሳይሆን የመውጫ በር አለመኖርም ውጤት እንደነበረ ያመለክታል።

የኪራይ ዘመን

በማርች 2006 አማዞን መረጃን በወር በአንድ ጊጋባይት 15 ሳንቲም፣ በኦገስት 2006 ደግሞ ሰርቨርን በሰዓት 10 ሳንቲም ማከራየት ጀመረ። ይህ የክላውድ አገልግሎት መነሻ ሲሆን ለፕሮግራም አዘጋጆች ታላቅ ነጻነት ነበር። መሣሪያ ለመግዛት ካፒታል ያልነበረው ሰው በጥቂት ዶላር ሥራ መጀመር ቻለ። በዚህ መሠረት ላይ ከሞላ ጎደል ነጻ የሆኑ አገልግሎቶች ተበራከቱ። ሀሳባቸውም ግልጽ ነበር፤ ሙያተኛውን ቅድሚያ ማላመድ፣ ዋጋውን ቆይቶ መጠየቅ።

የቀጠሉትን ዓመታት በቅደም ተከተል ብንዘረዝራቸው መልካቸው አንድ ነው። በ2011 ጉግል አፕ ኤንጂን የተባለውን አገልግሎት የዋጋ ስሌት ከሠራው የኮምፒዩተር ጊዜ ወደ ተከፈተበት ሰዓት ሲለውጥ፣ የአንዳንዶች ሂሳብ ብዙ እጥፍ እንደሚያድግ ታይቶ ከፍተኛ ቅሬታ ተሰማ። ፌስቡክ በ2013 የገዛው ፓርስ የተባለ አገልግሎት በጃንዋሪ 2016 እንደሚዘጋ ተነገረና በጃንዋሪ 2017 ተዘጋ። በ2018 ጉግል ካርታዎቹን በየቀኑ 25,000 ጊዜ በነጻ ማሳየት የሚያስችለውን ደንብ ሽሮ በወር የ200 ዶላር ነጻ መጠን፣ ይኸውም ወደ 28,000 የሚጠጋ ማሳያ፣ ከዚያ በላይ ላለው በሺህ 7 ዶላር አደረገው። ሄሮኩ ነጻ አገልግሎቱን በኖቬምበር 2022 አቆመ። ትዊተር በ2023 መጀመሪያ ለፕሮግራም አዘጋጆች ይሰጥ የነበረውን ነጻ መግቢያ ከሞላ ጎደል ዘጋ። ሬዲት በዚያው ዓመት ለሺህ ጥያቄ 24 ሳንቲም በመጠየቁ አፖሎ የተባለው ተወዳጅ ፕሮግራም በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስከፍለው ተሰልቶ በጁን 30 ቀን 2023 ሥራውን አቆመ።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው የዩኒቲ ጉዳይ ነው። ዩኒቲ የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠራበት ሞተር ሲሆን በሴፕቴምበር 2023 አንድ ጨዋታ በተጫነ ቁጥር እስከ 20 ሳንቲም እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ተቃውሞው የተነሣው በገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። አዘጋጆቹ ጨዋታቸውን ሠርተው የሸጡት በሌላ ስምምነት ሆኖ ሳለ፣ አዲሱ ክፍያ አስቀድሞ ለገበያ የዋለውን ሥራ ጭምር መንካቱ ነበር ያስቆጣቸው። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ደንቡን አሻሻለ፤ የበላይ ኃላፊው በኦክቶበር ከሥልጣን ወረዱ፤ በሴፕቴምበር 2024 ክፍያው ፈጽሞ ተሠረዘ። የተሠረዘው ክፍያ ግን የጠፋውን እምነት አልመለሰም፤ ብዙዎች ጎዶ ወደተባለው ምንጩ ክፍት የሆነ ሞተር ፊታቸውን አዞሩ።

ለባለ መድረኮቹም መናገር ያስፈልጋል። ሰርቨር መብራት ይበላል፤ ባለሙያ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ነጻውን አገልግሎት ለማጭበርበር የሚያውሉም ሞልተዋል። ዋጋ መጠየቅ በራሱ በደል አይደለም። ከላይ በተዘረዘሩት ታሪኮች ውስጥ ፕሮግራም አዘጋጆችን ያስከፋቸው ዋጋ መኖሩ ሳይሆን ዋጋው በአጭር ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ በአንድ ወገን ፈቃድና የሚነሡበት መንገድ ሳይዘጋጅ መለወጡ ነው። ፓርስ ሲዘጋ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ምንጭ ኮዱንም ለሕዝብ በመልቀቁ የተጠቃሚዎቹ ጉዳት በብዙ ቀንሷል። በጥሩ ሁኔታ መለያየትም እንደሚቻል ይህ ምስክር ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ባለሙያዎች የመድረክን ጥቅምና ጉዳት ያወቁት ገና ክላውድ ሳይመጣ ነው። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር መጻፍ ሲጀመር እያንዳንዱ የሶፍትዌር አዘጋጅ ለፊደላቱ የራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ጽሑፉ የፕሮግራሙ እስረኛ ሆነ። ይህን የፈታው ፊደላችን በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መካተቱ ነው፤ ከዚያም ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ጨመረ፤ ብራውዘሮችም ያለ ልዩ ተከላ አማርኛን ማሳየት ጀመሩ። ማንም ባለቤት ያልሆነበት የጋራ ደንብ የምን ያህል ሰው ድካም እንደሚያስቀር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም።

የዋጋው ጥያቄ ደግሞ በእኛ ዘንድ ሁለት ፊት አለው። የውጭ ባለሙያ የሚሠጋው ባለ መድረኩ ዋጋ እንዳይጨምር ነው። እኛ ግን ባለ መድረኩ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ዋጋው ሊያድግብን ይችላል፤ የምንሠራው በብር፣ የምንከፍለው በዶላር ነውና። ጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለአንድ የአገር ውስጥ ድርጅት በዓመት ቁርጥ ብር ተዋውሎ፣ ሰርቨሩን ግን በወር በዶላር ለተከራየ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ይህ ለትርፍና ኪሳራ ወሳኝ ነበር። ከማውቃቸው ባልደረቦች መካከል በዚያ ወቅት ውላቸውን ዳግም ለመደራደር የተገደዱ አሉ፤ የተሳካላቸው በውሉ ውስጥ የምንዛሪ አንቀጽ አስቀድመው ያስገቡት ናቸው።

መፍትሔው ሁሉንም በራስ መሥራት ነው የሚል ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። የኮሪያ ምሥጢር መጠበቂያ የራስ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን የቆመው በሰው መሬት ላይ ነበር። በአንጻሩ ፊደላችን ነጻ የወጣው ከዓለም ተለይቶ ሳይሆን ወደ ዓለም የጋራ ደንብ በመግባቱ ነው። ወሳኙ ነገር ሥራው የማን መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው የቆመበት መሬት የጋራ ወይም የአንድ ወገን መሆኑ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። በ1969 ሶፍትዌር ዋጋ አገኘ፤ በ1990ዎቹ ዋጋው እንደገና በምርቃት ተሸፈነ፤ በ2008 ድርሻ ሆነ፤ ከ2006 ወዲህ ደግሞ ኪራይ ሆነ። የክፍያው መልክ በየዘመኑ ቢለዋወጥም፣ መውጫ በር ባለበት ቦታ ሁሉ ድርድር ነበረ፤ በሌለበት ደግሞ ምሬት ብቻ ነበረ።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት አንድን መድረክ ለደንበኛ ከመምከራቸው በፊት አራት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ቢመልሱ መልካም ይሆናል። መረጃው በምን ዓይነት መልክ፣ በስንት ቀን ሊወጣ ይችላል? ሥራው በስንት ብራውዘሮች ተፈትኗል? ዛሬ በነጻ ወይም በርካሽ የሚገኘው አገልግሎት ዋጋው ሦስት እጥፍ ቢሆን ደንበኛው ሊሸከመው ይችላልን? የምንዛሪ ለውጥ ቢመጣ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ውሉ ይናገራልን? ትልልቆቹ የክላውድ ኩባንያዎች በ2024 ከእነርሱ ለሚለቁ ደንበኞች የመረጃ ማውጫ ክፍያን ማንሣታቸው፣ ጥያቄው በሌላው ዓለምም ተሰሚነት እያገኘ መሆኑን ያሳያል።

መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ስለሚያልፍበት ጭነት ብቻ ሳይሆን ስለሚቆምበት አፈርም ይመረምራል። አፈሩ የሰው ከሆነም የኪራዩን ደብዳቤ አንብቦ መፈረም፣ ደንበኛውም እንዲያነበው ማድረግ የሙያው ግዴታ ነው።